ያላስጨረስኩት ወሬ

ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር፤ ሰበቡ ኋላ ይደርሳል። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የስድስተኛ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ሳስተምር አንድ የአፋር ልጅ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና እንዳይፈተን ከለከልኩ። ያስገደደኝ መመሪያ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩም «የክፍሉ ኃላፊ አንተ ነህ፤ አንተ ያልከው ይሁን» ብለው ትተውልኝ ስለነበር ጥፋቱን የማካፍለው ሰው የለኝም። ልጁ ከወር በላይ ቀርቶ ነበር፤ በስም መጥሪያው ላይ ከስሙ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «አቋረጠ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የጻፍኩትን መሰረዝ ደግሞ ሽንፈት መሰለኝ። ነገሩ በአጭሩ ይኸው ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ዝርዝሩ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የፈንታሌና የዶፈን ምድር አላርፍ ብሎ ከረመ። በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ የሆኑ ንዝረቶች ተደጋገሙ፤ የአዋሽ ሰው ቤቱን ፈርቶ ደጅ አደረ፤ ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቶ ወደ መጠለያ ተወሰደ። እኔ አዲስ አበባ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ዜናውን አይ ነበር። ፍየል የሚነዱ ልጆች፣ የተጠቀለለ ሰሌንና ጄሪካን የጫነ ግመል በቴሌቪዥኑ መስኮት አለፈ። ሌላው ሰው ስለ ምድሩ ሲጨነቅ እኔ ያሰብኩት አንድ ተራ ነገር ነው፦ የእነዚህ ልጆች መምህር ዛሬ በስም መጥሪያው ላይ ምን ይጽፍ ይሆን? ከዚያ የራሴ ቀይ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ፤ ትዝ ካለኝ ወዲህም ይኸው አልተወኝም።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። አባቴ የኔታ ዘንድ ወስደው ሲያስረክቡኝ «ዓይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ነበር ያሉት። የኔታ ዓይኔን ተዉልኝ፤ ሌላውን ግን አልማሩትም። ለእኔ መምህር ማለት ሲገባ የሚነሡለት፣ ሲናገር መሬት መሬት እያዩ የሚሰሙት፣ ቢሳሳትም የማይታረም ሰው ነበር። በ2001 ዓ.ም. ዲፕሎማዬን ይዤ አዋሽ ስመደብ ከልብስና ከብርድ ልብስ ጋር ይህንንም ጠቅልዬ ወረድኩ። ብርድ ልብሱን በሳምንቱ ለዘበኛው ሰጠሁት። ያንን ሐሳብ ግን ይዤው ቀረሁ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በእሷ በኩል አለፈ፤ በፈረንሳዮቹ ጊዜ መንገደኛው ቡፌ ዳዋሽ ሆቴል ወርዶ ይበላና ያርፍ ነበር። እኔ ስደርስ የድሮው ባቡር ዘመን አልፎ ከተማዋን የሚያኖራት የጅቡቲ መንገድ ሆኗል። ከባድ መኪና፣ ሹፌር፣ ረዳት፣ ጥብስ፣ ማታ ማታ እስኪነጋ ሙዚቃ። በክፍሌ ውስጥ የምድር ባቡር ጡረተኛ የልጅ ልጅ አለ፤ የሆቴል ቤት ልጅ አለ፤ አርጎባ፣ ኦሮሞ፣ አማራ አለ፤ ከከተማው ዳር ካሉ የአፋር መንደሮች በእግራቸው የሚመጡና ከሩቅ መጥተው ዘመድ የተጠጉም አሉ። የከተማውን ልጆች ወደድኳቸው። ያኔ ምክንያቱን ብትጠይቁኝ «ጎበዞች ናቸው» እላችሁ ነበር። እውነቱ ግን እኔ የኔታን ባየሁበት ዓይን ስለሚያዩኝ ነው። «እርስዎ» ይሉኛል። ጠመኔ ያቀብሉኛል። ያልገባቸውን እንደገባው ሰው ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል።

የአፋሮቹ ልጆች እንዲህ አልነበሩም። ዓይን ለዓይን ያዩኛል፤ «አንተ» ይሉኛል፤ ያልገባቸው እንደሆነ «አልገባኝም፣ ድገመው» ይላሉ። አንድ መምህር ከዚህ የተሻለ ተማሪ ምን ሊመኝ እንደሚችል ዛሬ አላውቅም። ያኔ ግን ንቀት አድርጌ ወሰድኩት። አንደኛውን «አንተ» ስላለኝ ብቻ ፀሐይ ላይ አንበረከክሁት። የአዋሽን የረፋድ ፀሐይ የሚያውቅ ምን እንዳደረግሁ ይገባዋል።

የማስተምረው ኅብረተሰብ ሳይንስና ሥነ ዜጋ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ተራው የሕፃናት መብት ሆነ። የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ተቋም አካሉን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው አብራራሁ። ያ የተንበረከከው ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይህ ሕግ አዋሽ ደርሷል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፣ እንደ ቀልድ ቆጥሬ ለማለፍ። ልጁ አልሣቀም። ከልቡ ነበር የጠየቀው፤ መልሱን ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ተቀመጠ። ኋላ ፈተና የከለከልኩት ይኸው ልጅ ነው።

ሌላም ልጨምር፤ ኑዛዜ ከተጀመረ ማስቀረት አይገባም። ስለ ድንቅነሽ አስተማርኩ፦ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ሐዳር፣ ዶናልድ ጆሃንሰን፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ጻፍኩ፣ ገለበጡ። ከሚሌ በኩል መጥቶ አክስቱ ዘንድ የሚኖር አንድ ልጅ ተነሣና «ቦታውን ያሳያቸው ማነው?» አለ።

«ማንን?»

«ፈረንጆቹን። ያለ መሪ እዚያ አይገባም።»

«ይህ ፈተና ላይ አይመጣም፤ ቁጭ በል» አልኩት።

የሰው ዘር መገኛ ነው ብዬ በማስተምረው አገር የተወለደ ልጅ ስለ አገሩ ሲጠይቀኝ ነው ቁጭ በል ያልኩት። አጥኚዎቹን እየመሩ፣ ቅሪተ አካል እየለቀሙ የኖሩ አፋሮች መኖራቸውን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የስድስተኛ ክፍሉ ልጅ ያኔውኑ ገብቶታል፤ በዚያ በረሃ ሰው ብቻውን መንገድ እንደማያገኝ ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ለእሱ ግን ዳጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ጥላ ካለ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። አንዱ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ከዚያ ተራው ይደርሰዋል። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ሞተ፣ ማን ታረቀ፣ የጠፋው ግመል በየት በኩል ታየ፣ እንግዳ ሰው ወዴት አለፈ። የሰሙትን መደበቅ ነውር ነው፤ ያልሰሙትን መጨመር ከነውርም ያልፋል። ውኃ አለበት ተብሎ የተነዳ ከብት ውኃው ከሌለ አይመለስምና። ስለዚህ የአፋር ልጅ ማየትን፣ መስማትንና ሳያዛቡ መናገርን የሚማረው ገና በጠዋቱ ነው። እኔ በሥነ ዜጋ መጽሐፍ «ኃላፊነት የሚሰማው ዜጋ» እያልኩ የማስለፈልፈው ነገር እነሱ ዘንድ ከቤት ይዘውት የሚወጡት ነበር። እኛ መምህራኑ ግን ወሬ ነበር የምንለው። ካረፈዱ «ዳጉ ይዟቸው ነው» እየተባባልን በሻይ ሰዓት እንሥቅባቸው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሰኞ ያ አንበርክኬው የነበረው ልጅ ዘግይቶ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ያረፈደ ልጅ ወግ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ» ማለት ነው። እሱ በትሩን ከግድግዳው አስደገፈ፣ ፊቱን ወደ እኔ አደረገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ትናንት ማታ ሰው እንደመጣባቸው፤ የመጣውም በሰላም እንደሆነ። የሱጉም ዝናብ እነሱ ዘንድ በቅጡ እንዳልጣለ። ወንዙ ዳር ያለውን ግጦሽ ፕሮሶፒስ የሚሉት መጤ እሾሃም ዛፍ እንደበላው። ሁለት ጥጃ እንደሞተ። አጎቱ እግሩን ታሞ እንደተኛ። እዚህ ላይ ሲደርስ አቋረጥኩት።

«ወሬህን ተወውና ቁጭ በል። እዚህ ገበያ አይደለም።»

ክፍሉ ሣቀ። ልጁ አፉን እንደከፈተ አፍታ አየኝና በትሩን አንሥቶ ቦታው ሄደ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣሁ።

ፈተናው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ተመለሰ። ከስቷል፤ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። «የት ነበርክ?» ስለው «ነግሬህ ነበር» አለኝ። ይህ መልስ ደሜን አፈላው። ዋሽቶ ሳይበቃው ፊት ለፊቴ የሚደፍረኝ መሰለኝ። «ምንድን ነው የነገርከኝ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት። እሱ ከቀረ በኋላ ያስተማርኩትን በሙሉ ከጓደኛው ገልብጧል፤ አንድ ርዕስ አልዘለለም፤ ቀኑንም ሳይቀር ጽፎታል። ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው የከለከልኩት። ስም መጥሪያውን አምጥቼ «እዚህ ላይ የለህም» ብዬ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ቀዩን ጽሑፍ አነበበ። ቶሎ አልጨረሰም፤ አንድ ቃል ነበር፤ ደጋግሞ አነበበው። ማንበብ ያስተማርነው እኛው ነን። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለና ሄደ።

እኔም ሄድኩ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ ለረጅም ጊዜ ደጅ የጠናሁበት ዝውውር ተፈቀደልኝና ትምህርቱ በተጋመሰበት ክፍሌን ጥዬ ወጣሁ። ለቀሪው መንፈቅ በእኔ ቦታ የገባ መምህር እንዳልነበረ ኋላ ሰማሁ። በእኔ ስም ትይዩ በቀይ የጻፈ ግን የለም። እንዲያውም ሽኝት ተደረገልኝ፤ ለስላሳ ተጠጣ፤ ብዕር ተሸለምኩ።

በ2011 ዓ.ም. ለአንድ የመምህራን ሥልጠና ሰመራ ሄድኩ። ሰመራ እንደ አዋሽ አይደለችም። የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ ተነሥቶ ሜዳው ላይ ሲተከል መሥሪያ ቤቱና አስፋልቱ ቀድመው መጡ፣ ሰው ኋላ ተከተለ። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲ አላት። ከቀትር በኋላ ውሻ እንኳ መንገድ ላይ አይታይም፤ ሲመሽ ግን ሥልጠናው ያደከመው ሁሉ ወደ ሎግያ ያቀናል። እዚያ አንድ ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጬ ሳለ ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ቁመቱ የረዘመ ወጣት፣ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ አላወቅከኝም። ቦታውን ያሳያቸው ማነው ብዬህ ነበር።»

የሚሌው ልጅ ነበር። መምህር ሆኗል። አሁንም «አንተ» ይለኛል፤ ደስ አለኝ። ሻይ አዘዝን፤ እሱ ጀመረ፤ እኔም አፌን ዘጋሁ።

እኛ እነሱን ከምናውቃቸው በላይ እነሱ እኛን ያውቁን ነበር። እኛ ያየናቸው አራት ግድግዳ ውስጥ ነው፤ እነሱ ያላዩን ቦታ አልነበረም። እኔን በዱካዬ ይለዩኝ ነበር፤ ቀኝ እግሬ ስረግጥ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ አቧራው ላይ አይጠፋቸውም። ቅዳሜ ማታ ወዴት እንደሄድኩ፣ ስመለስም ቀጥ ብዬ ይሁን እየተንገዳገድኩ፣ እሁድ ጠዋት መሬቱ ላይ አንብበውታል። ይህን ሲነግረኝ ጆሮዬ ጋለ። ማናችንም መምህራን መንደራቸው ሄደን አንድ ሲኒ ወተት እንዳልጠጣን ያውቃሉ። የበረሃ አበል የሚባል እንደሚከፈለን የሰሙ ጊዜ ደግሞ ነገሩ አልገባቸው ብሎ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። «እኛ ቤት ለመቀመጥ ለምን ይከፈላቸዋል? ቤታችን ምን ሆኗል?» ነበር ጥያቄው። ይህን ጥያቄ ያኔ ቢጠይቁኝ ቁጭ በሉ እላቸው ነበር፤ ዛሬም የሚረባ መልስ የለኝም።

ቅጽል ስም እንደነበረኝ አውቅ ነበር፤ የሌለው መምህር የለም። «መነጽር» ወይም «ቀጭኑ» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ስሜ «ዝውውር» ነበር ለካ። «ዝውውር መጣ፣ ተነሡ።» «ዛሬ ዝውውር ተቆጥቷል።» ማመልከቻዬን በሸሚዝ ኪሴ አጥፌ ይዤ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስመላለስ ሁሉም አይቶኛል።

«እናንተ ስማችንን ለመያዝ አንድ ዓመት ይፈጅባችኋል፤ በሁለተኛው ትሄዳላችሁ» አለኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ዝናብ የት እንደጣለ በሚነገርበት ድምፅ ነው።

እኔ እነሱን ሂያጅ፣ ትምህርት የማይዘልቅላቸው፣ ከብት ተከትለው የሚጠፉ አድርጌ ሳይ፣ እነሱም እኔን እንደዚያው ያዩኝ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ ተመልሰው ይመጣሉ። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያሳተሙት ዝነኛ ጥናት አለ፤ በዕጣ የተመረጡ ልጆችን «እነዚህ ዘንድሮ ይጎለብታሉ» ብለው ለመምህራኑ ነገሩ፤ በተለይ በታችኛዎቹ ክፍሎች የተባለላቸው ልጆች ከሌሎቹ ልቀው ተገኙ። ውጤቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ አጥንቼው በፈተና መልሼዋለሁ፤ ልጅ መምህሩ እንዳየው ይሆናል ብዬ። መምህርም ልጆቹ እንዳዩት እንደሚሆን የተረዳሁት ሎግያ ሻይ ቤት ነው። ሂያጅ ነው ብለው ጠበቁኝ፤ ሄድኩላቸው።

በመጨረሻ የፈራሁትን ጠየቅሁት። «ያ ልጅስ?»

«የትኛው?» አላለም። «ያን ሰኞ ምን ሊልህ እንደነበር ታውቃለህ?» አለኝ። አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ደብተሩም የተገለበጠው ከእሱ ነው። «አጎቱ ስለታመመ ከብቱን የሚያሻግር ሌላ ወንድ አልነበረም። አጎቱ ሲሻለው እመለሳለሁ፣ የፈተናውን ቀን ንገረኝ ሊልህ ነበር። መጀመሪያ ያየኸውን ትናገራለህ፣ ከዚያ የሰማኸውን፣ ጉዳይህ መጨረሻ ነው። ሳልነግረው አልሄድም ብሎ ነው ያን ቀን የመጣው። ሌሎቹ በሌሊት ተነሥተዋል፤ እሱ ላንተ ሲል ቀርቶ ማታ በሩጫ ነው የደረሰባቸው።»

ልጁ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ነገሩም እዚያ ላይ አልቆመም። «ነግሮት ሄደ፣ ሲመለስ የለህም አለው» የሚለው ወሬ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ተሻገረ። በቀጣዩ መስከረም ከዚያ አካባቢ ሊመዘገቡ የታሰቡ ልጆች ቀሩ፤ ምን ያህሉ በእኔ ምክንያት እንደሆነ እሱም አልነገረኝም፤ እርግጠኛ ያልሆነበትን አይናገርም። ልጁ ራሱ ግን ደኅና ነው፤ ግመል ይነግዳል፤ አግብቶ ወልዷል።

እፎይ አልኩ። እፎይታዬም ወዲያው አሳፈረኝ። ልጁ ደኅና መሆኑ የእኔን ሥራ ደኅና አያደርገውም፤ ደኅና የሆነው በራሱ ብርታት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ሕይወቱን አበላሸሁበት» ብዬ ደረት ብመታ ያው የድሮው ትዕቢቴ ነው፤ የአንድ ሰው ሕይወት በእኔ ቀይ እስክሪብቶ የሚሠራና የሚፈርስ ይመስል። የወሰድኩበት ነገር አንድ ነው፤ ምርጫውን። ተምሮ ግመል ይነግድ፣ ሳይማር ይነግድ፣ ጭራሽ ሌላ ነገር ይሁን፣ ያንን የሚመርጠው እሱ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ እውነቴን ነው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር።

ያን ማታ የልጁን ስልክ ቁጥር ሰጠኝ። አልደወልኩም። ምን እላለሁ እያልኩ ሳመቻች ዓመታት አለፉ። በ2017 ምድሩ ሲናወጥ ደወልኩ፤ ቁጥሩ አይሠራም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ለመምህራን አንዳንድ ነገር ልበል፤ የማውቀው ይህን ሙያ ነውና። የአፋር ዘመን የሚቆጠረው በዝናብና በድርቅ ነው፤ ዋናው ዝናብ ካርማ የሚጥለው በሐምሌና በነሐሴ ሆኖ፣ እኛ መስከረም ላይ ስም ስንመዘግብ ብዙ ቤተሰብ ሣሩ ያለበት ነው ያለው። ሱጉም ሲቀርም ሰው ወደ ውኃ ይነሣል፤ የእኛ ማጠቃለያ ፈተናም የሚደርሰው ከዚያ አስከትሎ ነው። ይህን ለማወቅ ምርምር አያሻም፤ ክፍል ውስጥ ያሉትን ልጆች መጠየቅ ይበቃል። ያወቁ ሰዎችም ነበሩ። እስማኤል ዓሊ ጋርዶና ባለቤቱ ቫለሪ ብራውኒንግ የመሠረቱት የአፋር አርብቶ አደሮች ልማት ማኅበር ከየማኅበረሰቡ የተመረጡ ወጣቶችን አሠልጥኖ፣ ከከብቱ ጋር እየተጓዙ በአፋርኛ ማንበብና መጻፍ እንዲያስተምሩ አድርጓል። መምህሩ ከልጆቹ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ያርፋል። እዚያ «አቋረጠ» ብሎ የሚጽፍ አይኖርም፤ ቢኖር ራሱንም መጻፍ ይኖርበታል። እኔ አዋሽ ሳስተምር ይህ ሥራ በዚያው ክልል ውስጥ እየተሠራ ነበር፤ ሰምቼም እንደ በጎ አድራጎት እንጂ እንደ ትምህርት አልቆጠርኩትም።

ዘንድሮ አዋሽ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ ወይም ሰመራ የተመደባችሁ ወጣት መምህራን፣ የዝውውር ፎርም መሙላታችሁን አልቃወምም፤ እኔም ሞልቻለሁ። የምለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የሚናገር ልጅ ካጋጠማችሁ ስለ ጥጃው ሲያወራ አትቸኩሉ፤ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ነው። የቀረ ልጅ ስም ትይዩ ከመጻፋችሁ በፊትም አብሮት የሚቀመጠውን ጠይቁት። ያውቃል።

በዚያ መንገድ ለምታልፉ ሹፌሮች፣ ነጋዴዎችና መንገደኞች ደግሞ ሌላ አደራ አለኝ። ከአፋር ሰው ጋር ተቀምጣችሁ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ስትለዋወጡ ይህንንም ጨምሩልኝ፦ በ2003 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ልጅ ፈተና የከለከለው መምህር፣ ልጁ ሳይነግረው እንዳልሄደ አምኗል፤ ያላዳመጠው እሱ ነው።